ሁለት ምስክር

ፈይዛ ኸድርን ያገኘችው መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ አንድ ሆቴል በር ላይ ነው። እሷ ከአሠሪዋ ከማዳም ጋር ከጅዳ ለዑምራ መጥታለች፤ የሆቴሉ ሻንጣ ተሸካሚ ኸድር የማዳምን ሻንጣ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት አቃተው። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። ማዳሟ ቤቷ ውስጥ ሴቶችን ሰብስባ ቀስ እያሉ ከትንፋሽ ጋር መንቀሳቀስን ታስተምራለች፤ ፈይዛም ምንጣፍ ስታነጥፍ አይታ አይታ ለምዳዋለች።

«ወንድሜ፣ አትታገል» አለችው አጠገቡ ቁጭ ብላ። «ተንፍስ፤ ቀስ ብለህ ጉልበትህን እጠፍ።»

ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ሁለቱም የወሎ ልጆች መሆናቸው ሲታወቅማ ስልክ ለመለዋወጥ ምክንያት አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከመግሪብ ሶላት ስትነሳ ትደውልለታለች። እሷ «ሳብ፣ አሁን ልቀቅ» ስትል እሱ ክፍሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ወገቡ እየተሻለው ሄደ፤ ሊያጣው የነበረውን ሥራም ያዘ። ፈይዛ «መድኃኒት ነው ብዬህ አልነበር!» ብላ ፈነደቀች።

ኸድር ግን ደሴ ነርሲንግ ጀምሮ ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ያችው ትምህርት አላስቀምጥ አለችው። የአንድ ሰው መዳን ምስክር አይሆንም፣ ወገብ በራሱ ጊዜም ይድናል፣ የሠሩና ያልሠሩ ብዙ ሰዎች ተወዳድረው መታየት አለባቸው ብሎ አስረዳት። ምን ነበረበት ዝም ቢል! ፈይዛ የሰማችው «ውሸታም ነሽ» የሚለውን ብቻ ነው። መደወል ተወች፤ ሲደውልም አታነሳም።

እሱ ብቻውን መሥራቱን ቀጠለ። ወገቡ ግን ተመልሶ ይወጋው ጀመር።

ረመዳን ሲገባ ማዳም ዳግም ለዑምራ መጣች። ፈይዛ ከመኪናው ስትወርድ ኸድር እዚያው በር ላይ ቆሟል። ኩርፊያዋ አብሯት ቢወርድም ናፍቆቷ ቀድሞ ወርዷል።

«አሁንስ ምስክር አገኘህ?» አለችው መሬት መሬት እያየች።

«ወላሂ ግራ ገባኝ። እንቅስቃሴውን አልተውኩም፤ ድምፅሽ ሲቀር ግን ሕመሙ ተመለሰ። ያዳነኝ እሱ ይሁን አንቺ አላውቅም።»

«ለይተህ እወቃ።»

«ለመለየት አንቺን መተው አለብኝ። እሱን አልሞክረውም።»

ማዳም ከውስጥ «ያላ፣ ፈይዛ» እያለች ታጣድፋለች።

«ሐኪሞቹ ብዙ ምስክር ይፈልጉ» አለ ኸድር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኒካሕ ለማሰር ሁለት ይበቃል።»

ፈይዛ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

«መጀመሪያ አባቴ ጋ ደውል» አለችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለችና ሻንጣውን አየች። «ጉልበትህን አጥፈህ አንሳው፤ ሰማህ?»

ኸድር አነሳው። ወገቡ ትዝም አላለው።