ጓንት የሚጫሙ ሰዎች

ሰውየው ጃንጥላ ዘርግቷል።

ሶኖኤ ከባቡር ጣቢያው ትይዩ፣ ከአውቶቡስ መጠበቂያው መስታወት ጀርባ ቆማ አየችው። አሳሂካዋ ላይ በረዶ ሲጥል ጃንጥላ የሚዘረጋ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሞኝ ነው። የዚህ ከተማ በረዶ ዱቄት ነው፤ ከትከሻ ላይ በእጅ ይራገፋል እንጂ አያረጥብም።

እንግዳ ነው እንግዲህ። ከቶኪዮ የሚጠበቀው እንግዳ።

ገና ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ብርሃኑ መሸሽ ጀምሯል። ሶኖኤ ጀርባዋን በመስታወቱ ውስጥ ቃኘች። የሚከተላት የለም። ተሻገረች።

«ይቅርታ፣ እዚህ አካባቢ ጃንጥላ የሚጠግን አለ?» አላት ሰውየው።

«እዚህ አገር ጃንጥላ የሚጠግን ሰው ጦሙን ያድራል።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሰውየው ጃንጥላውን አጠፈ።

«ድልድይ እኔ ነኝ። አንቺ ቆቅ ነሽ።»

«ነኝ።»

«ኩዜ በይኝ። ኩሬው እንዴት ነው?»

«ይተነፍሳል።»

ኩሬ የተባለው ሃያሳካ የሚባል ሽማግሌ መሐንዲስ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ከባሕር በታች የሚሄድ መርከብ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ሲሠራ ኖሯል። ያ መሣሪያ ምስጢሩ ለባዕድ ተሸጧል። የሻጩን ፊት ያየ የለም፤ ሃያሳካ ግን አንድ ቀን በስልክ ድምፁን ሰምቷል። ሃያሳካ ደግሞ የሰማውን ድምፅ አይረሳም። ነገ ቶኪዮ ላይ በዝግ ችሎት ተቀምጦ የስለላ ቢሮውን ሰዎች ድምፅ አንድ በአንድ ያዳምጣል። እስከዚያ ድረስ በሕይወት መቆየት አለበት። የሶኖኤ ሥራ ሽማግሌውን ለድልድይ ማስረከብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው የቢሮው ጉዳይ ነው።

ቢሮው! ለዚህች አንዲት ቀን ሲል አምስት ዓመት አሳሂካዋ ላይ ቀብሯታል። በሰው ስም ላውንደሪ ከፍታ የሰው ካፖርት ስትተኩስ ኖራለች። ሞቅ ባለ ክፍል ተቀምጠው ካርታ ላይ መርፌ የሚሰኩ ጌቶች አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። አምስት ዓመት ማለት የራስን ልደት ረስቶ በሌላ ሴት ልደት ኬክ መቁረጥ ነው።

«መኪናው የታለ?» አለ ኩዜ።

«ቢሮው የተከራየልዎት ከጣቢያው ጀርባ ነው። ይነዳሉ?»

«ኧረ ተይኝ! እኔ የሞቃት አገር ሰው ነኝ። በረዶ አይቼ አላውቅም ብል ይቀለኛል። አንቺው ንጂ።»

ቢሮው ቀድሞ የላከለትን ቁልፍ ሰጣት። ጎን ለጎን ሄዱ። ብርዱ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ እንደ መርፌ ይወጋል። የሶኖኤ እጆች ራቁታቸውን ነበሩ። ሃያሳካ ጠዋት ከድንጋጤው ብዛት ባዶ እጁን ከቤቱ ስለወጣ የራሷን ጓንት አውልቃ ሰጥታዋለች። ጣቶቿን ወደ አፏ አስጠግታ ተነፈሰችባቸው።

ኩዜ አያትና ከንፈሩን መጠጠ።

«ምን ዓይነቷ ነሽ? ጣትሽ ሊቆረጥ እኮ ነው! ጓንትሽን ተጫሚ እንጂ!»

ሶኖኤ እርምጃዋን አላቋረጠችም።

ተጫሚ።

በዚህች ከተማ መጀመሪያ ባሳለፈችው የበረዶ ወር ጎረቤቷ እማማ ኡሜኖ አካፋ አስይዛ ይህንኑ ቃል ነበር የተናገረቻት። «ጓንትሽን ተጫሚና በርሽን ጥረጊ!» ሶኖኤ ሳቀች። «እማማ፣ የሚጫሙት እኮ ጫማ ነው። ጓንት ያጠልቁታል።» ኡሜኖ ወገቧን ይዛ አፈጠጠችባት። «አንቺ የደቡብ ብርቱካን! እዚህ አገር እጅም እንደ እግር ነው የሚለፋው። ይጫማላ!» ኋላ አጣርታ ደረሰችበት፤ በዚህ በሰሜኑ አገር ሁሉም እንዲህ ይላል። አስተማሪው ይላል፣ ዳኛው ይላል። የአገራቸው አነጋገር ብቻ መሆኑን ግን አንዳቸውም አያውቁም። ሰው የሚያውቀውን ይደብቃል። የማያውቀውን በምን ይደብቀዋል?

ሃያሳካም ዛሬ ጠዋት ስለዚያ ድምፅ አንድ ነገር ነግሯታል። «የቶኪዮ ሰው መስሎ ነው የሚያወራው። ሥሩ ግን የኛው አፈር ነው፤ የዚህ አገር ልጅ ነው።»

በረዶ አይቼ አላውቅም ያለው ሰው ጓንት ያስጫማል!

ግን አንዲት ቃል ናት። በአንዲት ቃል ሰው አይኮነንም። ማረጋገጥ አለባት።

መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን አስነሳች።

«የምደውለው ስልክ አለ» አለች። «ከእናንተ ጋር የምሄድ ከሆነ ለጎረቤቴ መንገር አለብኝ። ካልነገርኳት ፖሊስ ትጠራለች።»

ኩዜ ትንሽ አሰበ። «እኔ እንድሰማው አድርገሽ ደውይ።»

ደወለች። ወዲያው ተነሳ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ብርቱካን! ሾርባው እኮ ቀዘቀዘ። የት ነው የተጎለትሽው?»

«አልመጣም። የቤቴን ውሃ አፍስሺልኝ።»

በወዲያኛው ጫፍ አሮጊቷ ስትተነፍስ ይሰማል።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እስከ መቼ ልጄ?»

ሶኖኤ መሪውን ጨበጠች። «በረዶው እስኪቀልጥ።»

«እሺ» አለች ኡሜኖ። «ብርድ ነው። ጓንትሽን ተጫሚ።»

ስልኩ ተዘጋ።

በዚህ አገር በበረዶ ወር ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው የቧንቧውን ውሃ አፍስሶ ይሄዳል። አለዚያ ውሃው ውስጡ ድንጋይ ሆኖ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። የቶኪዮ ሰው ይህን አያውቅም። የቶኪዮ ሰላይ ቢሆን ደግሞ «የምን ውሃ ነው? ይህ ምልክት ነው?» ብሎ አንገቷን ያንቃት ነበር። በጓንቱም ይስቅ ነበር።

ኩዜ አልጠየቀም። አልሳቀም። ለእሱ የሁልጊዜ የቤት ወሬ ነበር።

«በይ ንጂ» አለ።

የተፈለገውም ይኸው ነበር። ውሃው በእርግጥም ምልክት ነው። ሃያሳካ ኡሜኖ በምታስተዳድረው የሰፈር መታጠቢያ ቤት፣ ከማሞቂያው ክፍል ተቀምጧል። ጠዋት ሶኖኤ ለአሮጊቷ እንዲህ ብላ ነበር፤ «ውሃውን አፍስሺ ካልኩሽ ወንድምሽ በበረዶ ጠራጊ መኪናው ወስዶ ከሚቀጥለው ከተማ ባቡር ላይ ያሳፍረው። ችሎቱ በር ላይ ራሱ ይቅረብ። የቢሮ ሰው ነኝ የሚለውን ሁሉ አትመኑ። እኔንም አትጠብቂኝ።» ኡሜኖ ስለ ምንም ነገር አልጠየቀቻትም። «ሽማግሌው ዓሣ ይበላል?» አለች፣ በቃ።

አሁን የሚፈለገው ጊዜ ነው። ኩዜን ይዞ መቆየት።

ወንዙን ተሻገረች። ከድልድዩ ማዶ ከተማው ከየመንገዱ የተጠረገውን በረዶ የሚያራግፍበት ሜዳ አለ፤ ከቤት የሚበልጥ ግራጫ ተራራ ሆኗል። የጭነት መኪኖቹ ሥራ ጨርሰው ሄደዋል። ከተራራው ጀርባ የዓሣ አጥማጆች ጎጆ ለብቻዋ ቆማለች። ሶኖኤ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

«እዚያ ውስጥ ነው።»

ኩዜ እየቀደመ ሄደ። እግሩን ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ በበረዶ ላይ እንዳደገ ልጅ ነበር የሚራመደው። ጃንጥላውን መኪናው ውስጥ ረስቶታል።

በሩን ከፈተ። ገባ።

ምድጃው ባዶ ነው። ወለሉ ላይ ከበሩ ስንጥቅ የገባ በረዶ አለ። የሰው ዱካ የለም።

ሲዞር ሽጉጥ ይዟል።

«የታለ?»

ሶኖኤ ከመኪናው አጠገብ ነበረች። ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ነው።

«የትኛው ሰፈር ነው ያደግከው?» አለችው። እርስዎ ማለቱን እዚያው ጣለችው።

«ምን ትቀባጥሪያለሽ?»

«ጓንት አይጫሙትም ኩዜ።»

«እ?»

«የቶኪዮ ሰው ጓንት ያጠልቃል። የሚጫማው ጫማ ነው።»

ኩዜ ለቅጽበት እንደ ሕፃን ግራ ተጋባ። ሠላሳ ዓመት ዋና ከተማ ሲኖር፣ አነጋገሩን ሲያርቅ፣ ስሙን ሲቀይር፣ አገሩን ሲሸጥ፣ ይቺን ቃል የነካበት ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ምን ሊባል ነው?» አለ። ከልቡ ነበር የጠየቃት።

ከዚያ ሳቀ። በሳቁ መሐል የደበቀው የሰሜን አነጋገር ተዘርግፎ ወጣ።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው» አለ። ሳቁ ቆመ። «ሽማግሌውን ለማን ሰጠሽው?»

«ለዚህ አገር ሰዎች። አንተ ለሸጥካቸው።»

«ለእኔ ስለ አገር ታወሪያለሽ? ይህ አገር ለአባቴ ምን አደረገለት? ከማዕድን ጉድጓድ ሳንባው ጠቁሮ ወጣ፣ ሞተ፣ ጉድጓዱም ተዘጋ። አንቺስ? ጌቶችሽ ነገ ብትሞቺ ሌላ ሶኖኤ ይልካሉ!»

«ይልካሉ» አለች። እውነቱን ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ ከሃዲ አንዳንዴ እውነት ይናገራል። «ሽማግሌው ዓሣ ይበላል ወይ ብላ የጠየቀችኝ አሮጊት ግን ምን አደረገችህ?»

«ቁልፉን።»

እጇን ወደ ኋላ ስባ ወረወረችው።

ቁልፉ በአየር ላይ አንዴ አብለጨለጨና ከበረዶው ተራራ ጎን ገባ። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

«ሲቀልጥ ታገኘዋለህ» አለችና ሮጠች።

ተኮሰ።

የመኪናው መስታወት ረገፈ። ደግሞ ተኮሰ። ሶኖኤ ከተራራው ጀርባ ተጠምዝዛ እስከ ወገቧ ሰመጠች። በእጇም በእግሯም ቧጠጠች። ላዩን ዱቄት ውስጡን ስለት ነው። ወደ ላይ ወጣች፤ ከጫፉ ሥር ባለች ጎድጓዳ ገብታ በረዶውን በላይዋ ሳበች።

አዳመጠች።

ኩዜ ከታች ይዞራል። የእግሩ ድምፅ ይንሿሿል። «ውጪ!» ይላል። «እዚያ ትሞቻለሽ ሴትዮ! እኔ እዚህ አድጌያለሁ፤ ይህ ብርድ እንዴት እንደሚገድል አውቃለሁ። መጀመሪያ ያማል፣ ከዚያ ይሞቅሻል፣ ከዚያ ትተኛለሽ!»

መጀመሪያ አመማት።

መውጣት አትችልም። ሽማግሌው የት እንዳለ የምታውቅ ሴት እዚህ በረዶ ውስጥ እስካለች ድረስ ኩዜ ወደ ከተማ አይመለስም። ከተኛችበት ሆና በስንጥቅ ድልድዩ ይታያታል። ባዶ ነው።

ጣቶቿ መቃጠል ጀመሩ። ከዚያ ቃጠሎው ተወ። በዓለም ላይ ስሟን የሚያውቅ ሰው ፈለገች፤ እውነተኛ ስሟን። በሐሳቧ ሁሉንም በር አንኳኳች፤ የከፈተላት የለም። ብርቱካን ብላ የምትጠራት አንዲት አሮጊት ብቻ አለች። እሷም ይህን ጊዜ ቧንቧ ከፍታ ውሃ እያፈሰሰች ይሆናል።

ድልድዩ ላይ ቢጫ መብራት ታየ።

የሚዞር መብራት ነው። በረዶ ጠራጊው መኪና። በኤሊ ጉዞ እያጉረመረመ ወንዙን ተሻገረ፤ በበረዶው ሜዳ በኩልም አልታጠፈም። ሹፌሩ ጎን ጎንበስ ያለ ሰው ተቀምጧል። እጁን ከመስታወቱ ላይ አሳርፏል፤ ጓንት አድርጓል። የእሷን ጓንት።

እጇን አላወዛወዘችም። መብራቱ ራቀ፣ ትንሽ ሆነ፣ ጠፋ።

ኩዜ አላየውም። በዚህ አገር በረዶ ጠራጊ መኪና ማን ያያል?

በማግስቱ ሃያሳካ ከችሎቱ ፊት ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። በቴፕ የተቀዳው የኩዜ ድምፅ ሲደርስ እጁን አነሳ። ሰውየውን ራሱን ከአውሮፕላን ማረፊያ ያዙት፤ አንድ ጆሮው በብርድ ጠቁሮ ነበር።

ኩዜ ተስፋ ቆርጦ በእግሩ ሲሄድ ሶኖኤ ከበረዶው ተጎትታ ወጥታ ነበር፤ ከመንገድ ያነሳት ወተት ጫኝ ሹፌር ነው። ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ቢሮው ደወለላት። ድምፁ ሞቅ ካለ ክፍል የመጣ ነው።

«ተልዕኮው ተሳክቷል። ቢሮው ያመሰግንሻል።»

«ሁለት ጣቴን ቆረጡት።»

«እንዴት? አዎ፣ አዎ። ይመዘገባል።»

«ለጎረቤቴ አንድ ቃል ልላክላት።»

«አይቻልም። ደንበኞች ካፖርታቸውን ይዛ ጠፋች እንዲሉ ተደርጓል። ሶኖኤ የምትባል ሴት የለችም።»

«ነበረች!» ብላ ጮኸች። ነርሷ ዞር ብላ አየቻት። «ነበረች፣ አንተ ደንቆሮ!»

ስልኩ ቀድሞ ተዘግቷል።

አሁን በሌላ ስም በደቡብ ጠረፍ ትኖራለች። ብርቱካን የሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ባሕሩ ሰማያዊ ነው። ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ሴቶቹ «ብርድ ገደለን!» ይላሉ፤ እሷ ሳጥኗን ታሽጋለች።

አንድ ጠዋት ሪትሱኮ የምትባለው ወሬኛ ሳጥን ይዛ ጠራቻት። «ነይ እንጂ! ሙሽራ ሆንሽ እንዴ?»

«መጣሁ። ጓንቴን ልጫማና።»

መጋዘኑ በሳቅ ፈነዳ።

«ጓንት ልጫማ? እጅሽ በእግሩ ሊሄድ ነው?» ሪትሱኮ ዕንባዋን ጠረገች። «የባሌ የመርከብ ጓደኛ እንዲህ ይል ነበር፤ የሰሜን ሰው ነው። አንቺም የዚያ አገር ልጅ ነሽ እንዴ?»

ሴትዮዋ ብርቱካኖቹን አየች። በአምስት ዓመት ከቢሮው ማንም ሰው የየት አገር ልጅ ነሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

«እኔ?» አለች። «በረዶ አይቼ አላውቅም።»

ሁለቱ ጣቶቹ ባዶ የቀሩትን ጓንቷንም ተጫማች።