የብርድ አገር ማቀዝቀዣ

ኢንስፔክተር አልጣሽ ከሟቹ ፊት አስቀድማ ያየችው ልብሱን ነው። ሟቹ ይታየው በግቢው መጋዘን በቆመችው አሮጌ ሰማያዊ ፒክአፑ ውስጥ በርኖሱን እስከ ጆሮው ስቦ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ተቀምጧል። ኅዳር ነው፤ የመሐል ሜዳ ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ያደረበት ማለዳ ስለነበር አለባበሱ አያስገርምም። የሚያስገርመው ከመሪው አጠገብ አዲስ የተገጠመው የማቀዝቀዣ ማብሪያ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል።

«ይኸውልዎት፣ ብርዱ ነው የገደለው» አለ ረዳት ሳጅን ምስክር፣ እጁን እያሟሟቀ። «ሚስቱ ትናንት ገበያ መሐል ‹ያ ማቀዝቀዣህ በድን ያድርግህ› ብላ ረግማዋለች። ያልሰማ የለም። ይዣታለሁ፤ በቀትሩ ሚኒባስ ደብረ ብርሃን አወርዳታለሁ።»

«እርግማን የሚገድል ቢሆን በዚህ አገር አንድ ፖሊስ ባልተረፈ» አለች አልጣሽ። «ስምንት ወሯ እኮ ነው። እስር ቤት ትውለድ ነው የምትለኝ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ሕዝቡ ደጄን ሊሰብረው ነው።»

እውነቱን ለመናገር ከተማው ሰሞኑን በይታየው ሲስቅ ነበር የከረመው። በሰኔም በታኅሣሥም ባና ተከናንቦ ለሚተኛ የመንዝ ሰው መኪና ላይ ማቀዝቀዣ መግጠም ለዓባይ ውኃ መቅዳት ነው ተባለ። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ሐሜቱ ተተካ። ይታየው በግ ጭኖ ቆላ ይወርዳል፤ ቆላ ደግሞ ይሞቃል፤ ታዲያ ማንን ሊያቀዘቅዝ ነው? ይህ ጥያቄ ከጠጅ ቤት ወጥቶ ሚስቱ ማናለብሽ ጆሮ ሲደርስ የሚያስቅ አልነበረም።

አልጣሽ ወደ ሟቹ ጎንበስ አለች። ፊቱ እንደ በረደው ሰው አልገረጣም፤ ይልቁንም ገና ከእሳት ዳር የተነሣ ይመስል ቀልቷል። ጋቢውን አሸተተች። እንዲህ ያለ ፊት ከዚህ በፊት አይታለች፤ ብርድ ሲጠናባቸው ከሰል ከነጭሱ አስገብተው፣ በር ዘግተው፣ ሳይነጋላቸው የቀሩ ሰዎች ፊት ነው። ለምስክር ግን ምንም ሳትነግረው ሬሳው ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዘችና ወደ ጣቢያ ወረደች።

ማናለብሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛለች። ዓይኗ አብጧል።

«ረግመሽዋል?»

«ረግሜዋለሁ። ከቀናሁ ምን ልበል?»

«በማን?»

«ባውቃትማ ምን ነበረ! ‹ለማን ነው የምትገጥመው?› ስለው ይስቃል። ‹ቆላ የምትወርድ እመቤት አለችኝ› ይለኛል። አንጀቴን ነው የበላው። ሌሊቱን ሙሉ መልኳን ስሠራና ሳፈርስ ነው የማድረው፤ አንዴ ቀይ አደርጋታለሁ፣ አንዴ ጠይም።»

«ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ጋ ሄደሻል?»

«እሷን ካመጣት ወዲህ... ማቀዝቀዣውን ማለቴ ነው፣ መጋዘኑን ረግጬ አላውቅም።»

«የት ልትወልጂ አስበሽ ነበር?»

ማናለብሽን ጥያቄው ግራ አጋባት። «የመጀመሪያ ልጅ የት ይወለዳል? እናቴ ቤት ነበር እንጂ። እናቴ መርሐቤቴ ናት፣ ጀማ ወንዝ ዳር፣ ቆላ። ግን ባለፈው ስወርድ ሙቀቱ መንገድ ላይ ጣለኝ፤ ለሞት ነበር የደረስኩት። ስለዚህ ቀረብኝ ብዬ አልቅሼ ተውኩት።»

 አልጣሽ ጋቢዋን አውልቃ ሴትየዋ ጉልበት ላይ ጣለችና ወጣች።

መጋዘኑ በር ላይ ማቀዝቀዣውን የሚገጥመው ፍሬአብ ቆሟል። ከደብረ ብርሃን የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ አጥር ማዶ የተሰበሰበው ሰው ድንጋይ እንዳይወረውርበት ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቷል።

«ሥራህን አሳየኝ» አለችው።

ኮፈኑን ከፈተ። «እትዬ፣ እኔ እኮ አልጨረስኩም። ጋዙ ከአዲስ አበባ ገና አልመጣም። የማራገቢያው ሽቦ ከባትሪው አልተገናኘም። ቱቦዎቹን ይዩአቸው፣ አፋቸው በፕላስተር እንደታሸገ ነው።»

አየች፤ እንዳለው ነው። «ይህ መዘውርስ? ይዞራል?»

«ፑሌጃው ነው። ቺንጋው፣ የጎማ ቀበቶው፣ ስለታሰረ ሞተር ሲነሣ አብሮ ይዞራል። በባዶ ነው እንጂ አንዲት ጠብታ ቅዝቃዜ አይሰጥም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ጋሽ ይታየው።»

አልጣሽ ጣቷን በሞተሩና በመቀመጫው ክፍል መካከል ባለው ቆርቆሮ ላይ አሳረፈች። ሁለት የተከፈቱ ቀዳዳዎች አሉ። «እነዚህስ?»

ፍሬአብ ደነገጠ። «ቱቦዎቹ የሚያልፉባቸው ናቸው። በጎማ ደፍኛቸው ነበር። ትናንት ስሄድ ደፍኛቸው ነው የሄድኩት፣ በእግዜር ስም እምላለሁ።»

«አትማል። የጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበትን ዳዶ በእጅህ ንካው።»

ዳዶው ያለ መፍቻ፣ በሁለት ጣት ዞረ። ልጁ እጁን ቶሎ ሰበሰበ። «እዚህ ጋ እኔ ሥራ የለኝም፤ ነክቼው አላውቅም።»

«አልነካህም አላልኩህም» አለችው፤ ያኔ ብቻ ነው ትከሻው ትንሽ የወረደው።

የሟቹ ታላቅ ወንድም አበጀ ጎረቤት ነው፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ አጥር። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። የከተማው ነባር መካኒክ ሲሆን ጥቁር ዘይት የጠጡ ጣቶቹን አጣምሮ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እንዴት እንዳገኙት ይንገሩኝ።»

«ይታየው ማለዳ ተነሥቶ ሞተር ያሞቃል፤ ውርጭ ስለሆነ በሩን ዘግቶ እዚያው ወንበሯ ላይ ያሸልባል። ልማዱ ነው። ዛሬ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ብዙ ጮኸች። መጣሁ። በሯን ስከፍት ያ ማቀዝቀዣ ፊቴ ላይ ነፈሰ። የጓሳ ንፋስ በሉት፤ አጥንቴን ነው ያንሰፈሰፈው። ሞተሯን አጠፋሁና ጮህኩ።»

«ከየት በኩል ነፈሰብዎ?»

«ከነዚያ አዳዲሶቹ የንፋስ መውጫዎች ነዋ። እጄን ዘርግቼ አይቻለሁ።»

«ይሠራ እንደነበር እርግጠኛ ነዎት? ምናልባት የማለዳው ውርጭ ይሆን?»

አበጀ ተቆጣ። «ለቀባሪ አያርዱ፣ ኢንስፔክተር። ሃያ ዓመት ያደርኩባት መኪና ናት። ትናንት ሞተሯ ሲነሣ መዘውሩ ሲሽከረከር ቆሜ አይቻለሁ።»

«ይወዷታል።»

«አባታችን ለእሱ ሰጣት፤ ምንም አላልኩም። እሱ ይንዳት፣ እኔ ልጠግናት ብዬ ኖርኩ። ስትታመም ሳልሰማ የምታድር አይደለችም። አሁን ምን ሆነ? እኔ እዚህ አጥር ሥር እያለሁ ከሰው አገር ልጅ አመጣና በመሰርሰሪያ አስበሳት። እኔ ለመብሳትም አልበቃሁም? ‹አንተ ይህን አዲሱን አታውቀውም› አለኝ፣ በልጁ ፊት።»

አልጣሽ ሲናገር ዓይኑን ተመለከተች። ወንድሙን ሲጠራ ደረቅ የነበረው ዓይን መኪናዋ በመሰርሰሪያ መበሳቷን ሲያነሳ እንባ አቀረረ። ቅናት የሚያርፍበትን ሰው አይመርጥም፤ ብረትም ላይ ያርፋል፤ አልጣሽ በሥራ ዘመኗ ብዙ ዓይነቱን አይታለች፤ ይህንን ግን ገና ማየቷ ነበር።

ቀትር ላይ የሚኒባሱ ጡሩምባ ሲሰማ ምስክርን ጠርታ ማናለብሽን ወደ ሚኒባሱ ሳይሆን ወደ መጋዘኑ እንዲያመጣት አዘዘችው። ማናለብሽ፣ ፍሬአብና አበጀ በፒክአፗ ዙሪያ ቆሙ። አልጣሽ ክርኗን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች።

«ከሆስፒታል ሐኪሙ ደውሎልኛል» አለች። «ይታየውን የገደለው ጭስ ነው፤ ብርድ አይደለም። ሞተሩ ሥር ያለው የጭስ ማውጫ ላልቷል። ጎማዎቹ ከነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ተነቅለዋል። ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜውን እንዲይዝ ተብሎ በሮቹ አዲስ ጎማ ስለተገጠመላቸው የገባው ጭስ መውጫ አልነበረውም። ሰውየው ደግሞ እንደ ልማዱ አሸለበ። ይህን ያደረገ ሰው ልማዱን ያውቃል።»

«ልጁ ነዋ!» አለ አበጀ። «ቀዳዳውን የበሳው ማን ሆነና?»

«ቆይ። ማብሪያውስ ለምን ተከፈተ? ሁለት ልብስ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ያውም ማሽኑ ባዶ መሆኑን እያወቀ፣ ማቀዝቀዣ አይከፍትም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ነው ያዞረው፤ ‹ማቀዝቀዣው ገደለው› እንዲባል። ያዞረው ሰው ማቀዝቀዣው የሚሠራ መስሎታል። ፍሬአብ ግን ጋዝ እንደሌለው፣ ሽቦው እንዳልተገናኘ ያውቃል። ደግሞስ ማን ነው በገዛ ሥራው ላይ ሬሳ የሚጭን?»

ምስክር ወደ ማናለብሽ ዞረ። «እሷስ? እሷም የሚሠራ መስሏታል።»

«መስሏታል። ግን በዚህ ሆዷ ኮፈን ላይ ተደፍታ የዛገ ዳዶ መፍታት ይቅርና ጫማዋን ማሰርም አትችልም። ደግሞ እሷ ነፈሰብኝ አላለችም።» አልጣሽ ቀስ ብላ ወደ አበጀ ዞረች። «እርስዎ ነዎት ያሉት። እጄን ዘርግቼ አየሁ፣ የጓሳ ንፋስ ነው አሉኝ። ከማይነፍስ ነገር ንፋስ የሚሰማው ሰው ውሸቱን አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ነው። ትናንት መዘውሩ ሲዞር አዩና ሠራ ብለው ደመደሙ። የሞተር ሰው ነዎት፤ ማቀዝቀዣ ግን አያውቁም። ወንድምዎ ያለው እውነቱን ነበር።»

 አበጀ ፍሬአብን አየ፣ መኪናዋን አየ። ከዚያ እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ ሁለት ጥቁር የጎማ ውታፎች አወጣና ኮፈኑ ላይ አስቀመጣቸው።

«ልመልሳቸው ነበር» አለ። «ራሱን ሲያዞረው፣ ሲያስመልሰው፣ ‹ይህ ነገር አመመኝ፣ አበጀ ና ንቀልልኝ› እንዲለኝ ነበር። እኔን እንዲጠራኝ ብቻ ነበር። ደርሼ በሩን ስከፍት አልቋል።»

«ማብሪያውን አዞርክ» አለች አልጣሽ፤ ‹እርስዎ› ማለቷን ትታለች።

«አዞርኩ። ጥፋቱ በልጁ እንዲላከክ ብዬ።»

«ሞቱን አልፈለግህም፤ እሺ፣ ልመንህ። ይህችን ሴት ሲወስዷት ግን ደጅህ ቆመህ አየህ። የወንድምህን ልጅ በማኅፀኗ ይዛ።»

ማናለብሽ በዚህ ሁሉ አልተንቀሳቀሰችም። አሁን ብቻ ወደ ፍሬአብ ዞረች። «እመቤቷ ማን ናት? ነግሮሃል?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ወንበሩን ወደ ኋላ ሰፋ አድርገህ ግጠመው አለኝ፤ ሆዷ ገፍቷል አለኝ። እናቷ ቤት ሳላደርሳት አትወልድም ብሎ ነው የሚያጣድፈኝ። ድንገት ላስደንቃት ነው፣ እንዳትነግርብኝ ብሎኝ ነበር።»

ሴትየዋ የመኪናዋን በር ይዛ ቁጭ አለች። ስትቀናባት የከረመችው ሴት ራሷ ነበረች። ልቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም፤ ምስክር እንኳ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ሬሳው ከቤት ሊወጣ ሲል አበጀ በካቴና ታስሮ እርሙን ሊያወጣ መጣ። ቃሬዛው ፊት ቆሞ፣ «ልሸከመው» አለ። ከሕዝቡ ማጉረምረም ተነሣ። ምስክር ክንዱን ያዘው። አልጣሽ ግን ፍርዱ የእሷ እንዳልሆነ ስላወቀች ማናለብሽን ተመለከተች።

ማናለብሽ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሣች።

«ይሸከመው» አለች። «ክብደቱን ይወቀው።»

አልጣሽ ካቴናውን ፈታችለት። አበጀ የቃሬዛውን የፊት እንጨት ትከሻው ላይ አድርጎ ተነሣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፤ ሌሎቹን ተሸካሚዎች ሰው በየመንገዱ እየተቀበለ አሳረፋቸው፤ እሱን ሊቀበለው የቀረበ ግን አልነበረም።