አጋሮ መንገድ ላይ የሚቆመው ካሚዮን

"ፈጠራ ነው" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የነገረኝ ሰው ግን ቀልድ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ሲነግረኝም ዓይኔን አላየኝም... መሬት መሬቱን እያየ ነው የጨረሰው።

ታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ።

ጨለማ አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

አብዱልፈታሕ ጅማ መርካቶ ጥግ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ... አልነሳም ያለ መኪና ሁሉ እሱ ጋ ነበር የሚጎተተው።

ቤቱ ግን አንድ ሰው ጎድሎበታል። ታናሽ ወንድሙ ሸኩር።

ሸኩር ተማሪ ነበር። በ1970 አንድ ማለዳ ታጣቂዎች መጥተው ከቤት ወሰዱት። "ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል" አሉ።

አልተመለሰም። ሬሳውም አልመጣም። ደፍሮ የሚጠይቅም አልነበረም። እናታቸው ከዚያን ቀን ወዲህ የውጭውን በር ቆልፋ አታውቅም።

በዚያ ታኅሣሥ ለይኩን የሚባል ሹፌር አንድ አሮጌ የቤንዚን ካሚዮን ይዞ አብዱልፈታሕ ጋ መጣ። ካሚዮኑ ድሮ የመንግሥት ነበር። አንድ የቡና ማኅበር በጨረታ ሲገዛው ሹፌሩም አብሮ ተቀጠረ። ለይኩን ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነው።

"አብዱ፣ አሁንም ያው ነው" አለው። "ከዚህ ስነሳ ደህና ነው። አጋሮ መንገድ ላይ አንዲት ቦታ ስደርስ ድርግም ይላል። መብራት የለ፣ ክላክስ የለ... ሞተሪኖው ንቅንቅ አይልም።"

"ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው ጋሼ?"

"እዚያው።"

"ወላሂ ይሄ ነገር ገርሞኛል። ባትሪው ሙሉ ነው። ዲናሞው ይሞላል። ከሻሲው ጋር የሚያገናኘውን ገመድም ባለፈው ቀይሬልዎታለሁ።"

አብዱልፈታሕ ጋቢና ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መከተል ጀመረ። አንዱ ሽቦ ግን የመኪናው አልነበረም። በኋላ የተቀጠለ ነው። ከወለሉ ሥር አልፎ ወደ ኋላ፣ ጭነት ወደሚጫንበት ካሶኒ ይሄዳል።

ተከተለው። ካሶኒው ጥግ ላይ አንዲት የደወል ቁልፍ አገኘ። ደወሉ ራሱ ጋቢና ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጆሮ በላይ ነበር።

"ጋሼ ለይኩን፣ ይሄ ምን ይሠራል?"

ለይኩን ጀርባውን ሰጥቶት ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

"ኤሌክትሪኩን የሚያፈሰው እሱ ይሆናል። ልቁረጠው።"

"ተወው..."

"ምን አሉ?"

"ተወው እንጂ። አትንካው።"

ግን ቆረጠው። ቁራጩንም በእጁ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ለይኩን ፊቱ አመድ መሰለ።

"ቶሌ፣ እሺ፣ ዛሬ አብሬዎት እሄዳለሁ" አለ አብዱልፈታሕ። "ከቆመም ፊቴ ይቁም።"

ካሚዮኑ አጋሮ ቡና ሊጭን ባዶውን ነበር የሚሄደው። ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሞተሩ አንድም እንከን የለውም። የመንገድ ዳር ሰዎች የቡና ፍሬ አስጥተው እያገላበጡ ነበር። አብዱልፈታሕ መዝፈን ቃጣው።

ከዚያ መንደሮቹ አለቁ። መንገዱ በጫካ ቡና መሃል ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

ጢርርር...

ደወሉ ነው። አንድ ጊዜ።

አብዱልፈታሕ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የቆረጠው ሽቦ እዚያው አለ።

ቀና ሲል ያየው ነገር ግን ከደወሉ ይልቅ አስደነገጠው። የለይኩን እግር ፍሬን ላይ ነው። ደወሉ ሲጮኽ ሳያስብ ነው የረገጠው... እንደለመደ ሰው።

ካሚዮኑ ቆመ። ሞተሩም ጠፋ።

"እዚህ ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"እዚህ ነው።"

ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ መፈተሻ አምፖሉን ባትሪው ላይ ደቀነ። ጭል እንኳ አላለም። ማለዳ ሙሉ የነበረ ባትሪ ነው። ሞተሩ እሳት ሆኗል፤ ባትሪው ግን በረዶ ነበር።

ፈትቶ አወጣው። ሣር ላይ አስቀምጦ እንደገና ሞከረው።

አምፖሉ ቦግ አለ።

መልሶ መኪናው ላይ አኖረው። ጨለመ።

ሣሩ ላይ... በራ።

"ያ ረቢ..."

ባትሪውን እዚያው ሣሩ ላይ ትቶ ቆመ። ወፍ እንኳ አይሰማም።

ጢርርር...

ባትሪ በሌለው መኪና ውስጥ ደወሉ ጮኸ።

"ጋሼ ለይኩን። ይሄ ደወል ምንድነው? ይንገሩኝ።"

ለይኩን ከጋቢናው ወርዶ ጎማውን ተደግፎ ነበር።

"አንዴ ሲጮኽ... ቁም ማለት ነው። ሁለቴ ሲጮኽ ሂድ።"

"ቁልፉን የሚጫነው ማነው?"

"ከኋላ የሚቀመጠው ጠባቂ።"

"ምኑን ነው የሚጠብቀው?"

ለይኩን ዓይኑን ወደ ቡናው ቁልቁል ላከ።

አብዱልፈታሕ የዚያን ጊዜ ገባው። እርስዎ ማለቱም ከአፉ ጠፋ።

"ማንን ነው የጫንከው?"

"አሥራ አንድ ነበሩ" አለ ለይኩን። "ከጅማ የተወሰዱ ልጆች። እኔ መንዳት ነው አብዱ... ንዳ አሉኝ ነዳሁ። እዚህ ወረዱ። እዚያ ታች ነው..."

"ሸኩር ነበረበት?"

"ስማቸውን አላውቅም። አንዱ ግን..." ወደ ካሶኒው ተመለከተ። "አንዱ ሲወርድ እኔ ጋ ዞር አለ። 'ሞተርህ ድምፁ ልክ አይደለም። መርካቶ ወንድሜ ጋ ውሰደው፣ ይሠራልሃል' አለኝ።"

አብዱልፈታሕ ሣሩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ ቁጭ አለ።

"ለዚህ ነው እኔ ጋ የምትመላለሰው?"

"እንቅልፍ የለኝም። ልነግርህ ነበር... ሦስቱንም ጊዜ ልነግርህ ነበር የመጣሁት።"

ሲጢጥ...

ሁለቱም ዞሩ።

የኋላው ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት ነው። ባዶው ካሚዮን ትንሽ ዝቅ አለ። ሰው ሲሳፈርበት እንደሚለው።

ሲጢጥ... ሌላ።

ካሶኒው ላይ ማንም የለም። የኋላ መዝጊያውም ተዘግቷል። ግን ጎማዎቹ እያበጡ፣ ባሌስትራው እየተለጠጠ ሄደ። አንድ በአንድ። ሳይቸኩል።

አብዱልፈታሕ ሳያስበው ቆጠረ።

አሥራ አንድ ላይ ቆመ።

ጢርርር... ጢርርር...

ሁለቴ።

ሞተሩ ተነሳ።

ባትሪው ሣሩ ላይ ነው። ሞተሪኖው አልዞረም፣ ቁልፍ የነካም የለም። ግን ተነሳ። ድምፁም ጤነኛ አልነበረም... እየቆረጠ፣ እየሳለ ነበር የሚሠራው።

ለይኩን ጎማውን ለቀቀ።

"ሂድ ብለውኛል" አለ።

"አትግባ።"

"ሁለቴ ሲጮኽ መሄድ ነው።"

በአብዱልፈታሕ አጠገብ አልፎ ወደ ጋቢናው ወጣ።

ይህን የሚነግረኝ አብዱልፈታሕ እዚህ ጋ ሲደርስ መዳፉን መሬቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ፣ "እጄን ብዘረጋ ኮቱን እይዘው ነበር" አለኝ። "አልዘረጋሁም።"

ካሚዮኑ መንገዱን ለቆ ወደ ቡናው ቁልቁል ገባ። ቅርንጫፍ ሲሰበር አልተሰማም። ድምፁ እየራቀ ሄዶ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

ተከትሎ ወረደ። የጎማ ዱካ የለም። የተጋደመ ሣር የለም። ለይኩንን ሦስቴ ጮኾ ጠራ። በአራተኛው ፈርቶ ሮጠ።

ያ ካሚዮን አጋሮ አልደረሰም። ጅማም አልተመለሰም። ማኅበሩ "ሹፌሩ ሰርቆ ጠፋ" ብሎ አመለከተ። አብዱልፈታሕ ቃሉን ሲጠየቅ፣ መንገድ ላይ ወርጄ ተለያየን ብሎ ፈረመ። ሌላ ምን ይበል? ያየውን ቢናገር፣ ቦታውን እንዴት አወቅኸው ብለው እሱንም ይጭኑት ነበር።

ለእናቱም አልነገራትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሩ ሳይቆለፍ ሲያድር ዝም አለ።

ደርግ ወድቆ፣ በ1984፣ አፉን ከፈተ። ቦታውን ራሱ እየመራ አሳየ። ዘመዶች ተሰብስበው ቁፋሮ ተጀመረ። መሬቱ ላይ የበቀለው የቡና ዛፍ ሥሩ ወፍሮ ስለነበር በመጥረቢያ ተቆረጠ።

ሸኩርን በቀበቶው አወቀው። ዘለበቱ ሲሰበር በመዳብ ሽቦ የጠገነለት እሱ ነበር። እናቱ ቀበቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘች። አላለቀሰችም። "በቃ፣ ቤት እንሂድ" ብቻ አለች።

አሥራ አንዱ ወጡ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ሊያነሱ ሲሉ አንደኛው ጉድጓዱ ውስጥ አጎነበሰ።

"ቆዩ... ከሥር ሌላ አለ።"

አሥራ ሁለተኛው ከሁሉም በታች ነበር። አሥራ አንዱ የተኙት እሱ ላይ ነው።

ከበሰበሰው ኮቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ መንጃ ፈቃድ ወጣ። የለይኩን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበት ማኅተም ይነበባል፦ ጥቅምት 1973።

ከላዩ የነበሩት የተቀበሩት በ1970 ነው።

አብዱልፈታሕ ተደፍቶ አየው። ለይኩን የተቀመጠ ያህል ጉልበቱ ታጥፏል። ሁለት እጆቹ ከፊቱ ተዘርግተዋል... ጣቶቹ ክብ ሠርተው፣ መሪ እንደጨበጡ።