የምዜ ኦጎላ ፔዳል

አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ሂድ ወደዛ!» ብዬ ነበር የማልፈው።

ግን የሆነው በእኔ ላይ ነው... ያውም በጠራራ ፀሐይ። እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ባለች የዓሣ ሆቴል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየበላ እያየኝ።

ስሜ አፖንዲ ነው። ቤንጋ የሚባለውን የአገራችንን ሙዚቃ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ባንዱ ውስጥ ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ሳቡኒ» ነው የሚሉኝ፣ ሳሙና ማለት ነው። በሌላ ሰው ብርጭቆ ውሃ አልጠጣም። ማይክ በመሐረብ ሳልጠርግ አፌን አላስጠጋም። ተጠያፊ ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

ይሄን አስታውሱልኝ።

ያኔ ገና አዲስ ነበርኩ። የባንዱ መሪ ኦኬዮ በሙከራ ነበር የያዘኝ። የጊታሬ ጫፍ ላይ ቆንጥጬ የምሰካት ትንሽ መቃኛ ነበረችኝ፤ ቀጫጭኖቹን ክሮች ጥሩ አድርጋ ትሰማለች፣ ወፍራሙን ግን አትይዘውም። ቤዝ ያለ ወፍራሙ ክር ደግሞ ምን ይረባል? አንድ እሁድ ወፍራሙ ክር ላልቶብኝ ዘፈኑን ድብልቅልቁን አወጣሁት።

ኦኬዮ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ሳቡኒ፣ በሚቀጥለው እሁድ ከደገምሽኝ ቤዙን ለእህቴ ባል ነው የምሰጠው።»

«የእህትህ ባል እኮ መጫወት አይችልም!»

«አይችልም። ግን መኪና አለው።»

በእግር የሚረገጥ መቃኛ ፔዳል ልገዛ ዋሶንጋ ዘንድ ሄድኩ። ዋሶንጋ አውቶቡስ ተራው አጠገብ የሙዚቃ ዕቃ ይጠግናል፣ አዲስም አሮጌም ይሸጣል።

«ለቤዝ ነው?» አለኝ። «እንግዲያው ወፍራሙን ክር ቶሎ የሚይዝ ይሁን። ስትረግጪው ድምፅሽን ጥርቅም አድርጎ ይዝጋ፤ ስትቃኚ ሰው መስማት የለበትም። መብራቱ ደግሞ ፀሐይ ላይ መታየት አለበት። የምትጫወቱት በቀን አይደል?»

አዲሶቹን ደጅ አውጥተን ሞከርናቸው። አንዱ ወፍራሙን ክር ሲሰማ መርፌው እንደ ሰካራም ተወላገደ። የሌላው መብራት ፀሐይ ሲነካው ድራሹ ጠፋ።

«ሌላ የለህም?»

ዋሶንጋ ጎንበስ አለ። ከዛ ከመደርደሪያው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

ሽታው ቀድሞት ወጣ...

ላብ አይደለም። በፋሻ ታስሮ የከረመ ቁስል የሚሸተው ዓይነት ነው። ፔዳሉ ላይ ቅባት ተጋግሯል። ጠርዙ ላይ አውራ ጣት የሚያክል ጎድጓዳ አለ፣ ውስጡ ግራጫ እድፍ ተጠቅጥቆበታል።

«የማነው ይሄ?»

«የምዜ ኦጎላ ነበር። በባዶ እግራቸው ነበር የሚጫወቱት።»

ምዜ ኦጎላን፣ ማለትም ሽማግሌውን ቤዝ ተጫዋች ኦጎላን፣ ያልሰማ የለም። አባታቸው የእኛን ክራር፣ ኒያቲቲን የሚደረድሩ ነበሩ። የኒያቲቲ ደርዳሪ በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ የብረት ቀለበት ያጠልቅና እንጨቱን እየመታ ነው የሚጫወተው። ልጃቸው ምዜ ኦጎላም እንዲሁ ነበሩ፤ ወደ ቤዝ ሲዞሩ ቀለበቱን አላወለቁም። ፔዳሉን በሱ እየመቱ... ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። ጎድጓዳው የዛ ምልክት ነው።

«ለምን ሸጡት?»

ዋሶንጋ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግራቸው ተቆረጠ። ስኳር ነው። ከቀለበቱ ሥር ጀመረ... ጣቱ አብጦ ቀለበቱን ዋጠው። አልወልቅ አለ። ከነቀለበቱ ነው የተቆረጠው።»

«እንትፍ! በቃኝ!»

«ሞክሪው ብቻ።»

ኬብሉን ሰካሁ። በጫማዬ ጫፍ ረገጥኩት። ገና ጣቴን ወፍራሙ ክር ላይ ሳላሳርፍ... መብራቱ በራ። ቀይ፣ ድርቅ ያለ፣ ፀሐይ መሃል ቁልጭ ብሎ የሚታይ። ነፋስ ክሩን ነክቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ገዛሁት።

ቤት ገብቼ፣ ጓንት አድርጌ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ሳሙና፣ በረኪና፣ አልኮል፣ ያልሞከርኩት የለም። ከጎድጓዳው ውስጥ የወጣውን አልነግራችሁም...

እሺ፣ ልንገራችሁ። ቅርፊት ነበር። ስስ፣ ነጭ፣ እርጥብ ቅርፊት። ብሩሹን ከነጓንቱ ወረወርኩት።

ጠዋት ስነሳ ፔዳሉ እንደገና ወዝቶ ነበር።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርን። ሆቴሉ ጢም ብሏል። የተጠበሰ ዓሣ፣ ኡጋሊ የምንለው የበቆሎ ገንፎ፣ ቢራ በየጠረጴዛው ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ጥሩ ሄደ። ሁለተኛው መሃል ላይ...

ቅጭ።

ድምፄ ጠፋ።

ወደ ታች አየሁ። ቀዩ መብራት በርቷል። ፔዳሉ ተረግጧል። እኔ ግን አልረገጥኩትም፤ እግሬ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው ያለው።

ቶሎ ብዬ ረግጬ መለስኩት። ጥቂት ቆይቶ... ቅጭ።

«ሳቡኒ!» አለ ኦኬዮ በጥርሱ መሃል። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«እኔ አይደለሁም!»

«ማነው ታዲያ? አያቴ ናት?»

ፔዳሉ ላይ ዝንቦች አርፈዋል። አንዱ ጎድጓዳው ላይ፣ አራቱ ከጎኑ ጠመም ብለው ተደርድረው... ልክ የእግር ጣቶች በሚያርፉበት ቦታ። እግሬን ሳወዛውዝባቸው እንኳን አልተነሱም። ምራቄ አፌን ሞላው።

ቀና ስል አየኋቸው።

ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ። የሱሪያቸው ቀኝ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የዓሣ ጭንቅላት እየመጠጡ ነው። የቀረው ጭናቸው ዘለል ሲል... ቅጭ።

ዘፈኑ እንዳለቀ ኦኬዮ «የመጨረሻሽ ነው» አለኝ። የእህቱ ባል ደጅ ላይ መኪናውን ሲያቆም በዓይኔ አየሁ። ቤዜን አስቀምጬ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

«ምዜ...»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ ጣታቸውን እየላሱ። «ይቅር በይኝ። እያሳከከኝ ነው።»

«ምንዎን?»

«እግሬን።»

የታጠፈውን ሱሪ አየሁት። ባዶ ነው።

ጠጋ አሉኝ። ትንፋሻቸው ዓሣ ዓሣ ይላል።

«ከቀለበቱ ሥር ነው» አሉ በሹክሹክታ። «አንቺ ጋ ነው ያለው። እከኪልኝ... ያኔ ዝም ይላል።»

«አልችልም፣ ምዜ። ይቀፈኛል።»

«እኔንስ አይቀፈኝም?»

ስመለስ ከበሮው ጀምሯል። ኬብል የማስተካክል መስዬ ተንበረከክሁ። ጓንት አልያዝኩም። ዝንቦቹ ቦታ ለቀቁልኝ። ጥፍሬን ጎድጓዳው ውስጥ ከተትኩት።

ብረት ነው ብዬ ነበር...

ይሞቃል። ለስላሳ ነው።

አከክኩት። ከወዲያኛው ጠረጴዛ «እፎይ...» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምዜ ኦጎላ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ከዛ በኋላ ድምፄ አንዴም አልጠፋም። ወፍራሙ ክር እንደዛን ቀን አምሮለት አያውቅም። ኦኬዮ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «አሁን የእኛ ነሽ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጥፍሬን እያጠብኩ አስመለስኩ።

ሌላ ፔዳል አልገዛሽም ወይ እንዳትሉኝ፤ ገዝቻለሁ። አዲሱን በሰካሁ ቀን፣ አሮጌው ከተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ቅጭ አለ... ድምፄም አብሮ ጠፋ። እንግዲህ ባንዱን ልልቀቅ? ለዚህ ቦታ ስንት ዓመት ነው የለመንኩት! በየእሁዱ እንበረከካለሁ፣ በጥፍሬ እፍቃለሁ፣ ሄጄ እታጠባለሁ። በዛ እጄ መብላት ካቆምኩ ቆየሁ።

ያለፈው እሁድ ምዜ ኦጎላ በምልክት ጠሩኝ። ያፈሩ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ... ማሳከኩስ ተሻለኝ።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

ወዲያ ወዲህ አዩ።

«ጥፍሬ ሳያድግ አልቀረም» አሉ በሹክሹክታ። «ሥጋዬን እየወጋኝ ነው።»

ወደ መድረኩ ተመለስኩ። ከበሮው ጀምሯል። ኦኬዮ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። የእህቱ ባል በሩ ጋ ቆሟል።

ተንበረከክሁ።

ከጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ወደ ውስጥ የተጠማዘዘ ነገር ብቅ ብሏል... ሥሩ የብረት ቀለበት ያብለጨልጫል።

ጥፍር መቁረጫዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።