በማቴዎስ በኩል ምንም አያልፍም

እኔ በጋኔንም በመተትም የማላምን ሰው ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ወድቆ ሲጮህ እንኳ "ርቦት ይሆናል" ብዬ የማልፍ ነኝ፣ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ የተማረ ሰው ወሬም ቶሎ አያስደነግጠኝም። ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማመን አለማመን የራስህ ጉዳይ ነው።

የዓለም ዋንጫው ካለፈ በኋላ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ በጋሽ ታደሰ ስፓዛ፣ ያው የሰፈር ሱቅ ነው፣ በፍርግርግ መስኮት ዳቦና የስልክ ካርድ እንሸጣለን፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ዶክተር እዮብ የሚባል ያገራችን ሰው ለሰፈሩ ተማሪዎች በርካሽ ዕቃ የሠራውን ሳጥን አደራ ሊያስቀምጥ መጣ፣ ትምህርት ቤቱን ሌባ አላስቀምጥ ብሎታል። የምሳ ዕቃ በለው፣ በስልክ ቻርጀር ይሠራል፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለሉ ሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርገዋል፣ ከሰማይ የሚወርድ የማይታይ ጨረር ሁለቱንም ሲያልፍ መብራቱ ብልጭ፣ ጠቅ ይላል።

"ጣራም ሰውም አያግደውም፣ አሁንም በሁላችን ውስጥ እያለፈ ነው" አለን።

በየተራ እጃችንን በመሃል አስገባን፣ ጠቅ ጠቅ ይላል። ማቴዎስ አስገባ፣ ዝም። ማቴዎስ አብሮን የሚሸጥ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ከሆሳዕና ለማምጣት የሚለፋ፣ ለማንም የማይመለስ ሰው ነው።

"አውጣው እስቲ" አለ ዶክተሩ። ጠቅ። "መልሰው።" ዝም።

"አንተ ሰውዬ፣ ከምንድነው የተሠራኸው?" አለ ጋሽ ታደሰ፣ ሁላችንም ሳቅን። "ከሰማይ የመጣውን ካስቆምክ ጥይትማ ምን ያደርግሃል፣ ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱ ያንተ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔኮ ልጆች አሉኝ።"

"እኔም ሱቅ አለኝ።"

መስኮቱን የምንይዘው በየተራ ነበር፣ ዘራፊ የሚተኩሰው በዚያ በኩል ነዋ። ቀልድ መስሎን ነበር፣ በማግስቱም በሳምንቱም ግን ያው ማቴዎስ ብቻ ተቀመጠ፣ ማንም ልተካህ አላለውም።

አንድ ቀን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሁለት ጎረምሶች "ሳውቦና፣ ወንድሜ" ብለው በዙሉ ሰላም እያሉ ቀረቡና ደረቱን በሽጉጥ መቱት። ጥይቱ ገባ፣ በጀርባው አልወጣም። ሆስፒታል ራጅ አነሱት፣ ደረቱ ያለበት ቦታ ድፍን ነጭ ሆኖ ወጣ፣ አጥንት የለ፣ ሳንባ የለ፣ ጥይት የለ። የተበላሸው ማሽኑ ነው ብለው ቀጥላ የምትጠብቀዋን አሮጊት አነሱ፣ የእሷ ጎድን አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ እመነኝ፣ ፎቶውን ቆሜ አይቻለሁ። እሱን መልሰው አነሱት፣ ነጭ። የማናየውን አንቀድድም አሉና ቁስሉን ሰፍተው ሰደዱት።

ዶክተር እዮብ ሳጥኑን ሊወስድ ሲመጣ ማቴዎስ መንገድ ዘጋበት።

"ዶክተር፣ እባክዎ፣ አንዴ እጄን ላስገባ።"

"ተበላሽቷል" አለ ዶክተሩ፣ መብራቱ ፊት ለፊታችን ብልጭ ብልጭ እያለ።

"ታዲያ ውስጤ ምንድነው ያለው?"

ዶክተሩ ገመዱን ነቀለ፣ ሳጥኑን አንስቶ ማቴዎስን ሳይነካ በጎኑ ተሽሎክሉኮ ወጣ።

"ማቴዎስ፣ ደንበኛ" አለ ጋሽ ታደሰ።

ደረቱን ይዞ ሄዶ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቅ ውስጥ ስውል ከእሱ ጀርባ ነው የምቆመው፣ አንዳንዴ ጆሮዬን ወደ ጀርባው አስጠጋለሁ፣ የልብ ምት እንኳ አይሰማም።