ሞሁዋ ያላየቻቸው ኳሶች

ስታዲየሙ በአንድ ጊዜ ሲጮህ ሞሁዋ የጫማዋን ክር እያየች ነበር።

«ምን ሆነ?» አሉ አያቷ ወደ እሷ ዘንበል ብለው።

«አራት ነጥብ ነው፣ ዳዳ። ኳሷ መሬት ለመሬት ሄዳ የሜዳውን ዳር ገመድ ነካች።»

ኳሷን አላየቻትም። ያወቀችው ከጩኸቱ ነው። አራት ነጥብ ሲሆን ጩኸቱ ከአንድ ወገን ይነሳና ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል። ኳሷ በአየር ገመዱን አልፋ ስድስት ሲሆን ሕዝቡ መጀመሪያ ትንፋሹን ውጥ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈነዳው። የራሳችን መቺ ተቃጥሎ ከጨዋታ ሲወጣ ደግሞ አገር ምድሩ ጭጭ ይላል። ይህን ሁሉ የተማረችው ሁለት ዓመት ሙሉ ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ በግድግዳ በኩል እያዳመጠች ነው።

በእነሞሁዋ ቤት ክሪኬት ዝም ብሎ አይታይም። ሥርዓት አለው፤ የሥርዓቱ ጠባቂ ደግሞ አጎቷ ቦርሃን ነው። መቺዎቻችን ተደላድለው ነጥብ መሰብሰብ ከጀመሩ፣ በዚያች ደቂቃ የተቀመጠ እንደተቀመጠ፣ የቆመም እንደቆመ ይቆያል። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ልትበደር የመጣች ጎረቤት በሩ ላይ አርባ ደቂቃ ተገትራለች። የሞሁዋ አባት ሽንት ቤት መሄድ ተከልክሎ ላብ በላብ ሆኖ ያውቃል። ይህ የእነሱ ቤት እብደት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ኩልና ከተማ ውስጥ እንዲህ የማያደርግ ቤት ካለ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ነው።

ሞሁዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ሳሎን እግሯን ስታስገባ ምርጡ መቺያችን ተቃጠለ። በሳምንቱ ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ቦርሃን ብድግ ብሎ «ይቺ ልጅ ገደ ቢስ ናት!» አለ። በቃ፣ ስም ወጣላት። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሲጀመር እሷ ወደ ኩሽና ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ ትስቅበት ነበር፤ እየቆየች ግን አመነችው። ክፋቱ ይሄ ነው።

ዘንድሮ ወቅቱ የጉድ ነበር። በጥቅምት ዚምባብዌዎች መጡ፤ በኅዳር የእኛዎቹ ወደ ስሪላንካ ተሻገሩ፤ በጥር ደግሞ ኒውዚላንዶች ለሦስት ግጥሚያ መጡና ሁለተኛው፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለኩልና ደረሰ። በዚያ ላይ ራይሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ራይሃን ከእነሞሁዋ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ መስኮታቸውን ሁለት ጊዜ በኳስ የሰበረ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ዙር አንድም ነጥብ ሳያገኝ ተቃጥሏል። በሁለተኛው ዙርም ካልቀናው ከቡድኑ እንደሚቀነስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አያቷ ሁለት ትኬት ይዘው መጥተው «የምወስደው ሞሁዋን ነው» ሲሉ ቤቱ ተተራመሰ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጭስ ነው የሚመስላቸው፤ የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቦርሃን እኔ ልሂድ ቢላቸው፣ አንተ ትጮሃለህ እንጂ አትነግረኝም አሉት። እሱም ተስፋ ሲቆርጥ ሞሁዋን በር ላይ ይዞ አስማላት። ሌላውን እንደፈለገች ትይ፤ ራይሃን ሲመታ ግን ቀና እንዳትል፣ አደራ። ሞሁዋም ማለች።

የግጥሚያው አምስተኛና የመጨረሻ ቀን ነበር። ማሸነፍ የማይታሰብ ሆኗል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አሥር ሰው ካልተቃጠለብን ግን ግጥሚያው በአቻ ያልቃል። ራይሃን ከምሳ በኋላ ገብቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ አልነቃነቅም ብሏል። ሌሎቹ በየተራ እየተቃጠሉ ከአጠገቡ ሲወጡ እሱ እዚያው ነው። ሞሁዋ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት የጫማዋን ቀዳዳዎች ቆጠረች፣ ጉንዳኖች የፈሰሰ ፈንድሻ ሩዝ እየጎተቱ ሲሄዱ አየች፣ አንገቷ ደነዘዘ። ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ልጅቷ አሟታል እንዴ ብሎ አያቷን ጠየቀ።

«እግሩ እንዴት ነው?» አሉ አያቷ። «ወደፊት ነው የሚራመደው ወይስ ወደኋላ?»

«ወደ... ወደፊት፣ ዳዳ።»

አያቷ ፊታቸውን ከሜዳው ወደ እሷ አዞሩ።

ከዚያ ስታዲየሙ ጭጭ አለ። ሃያ ሺህ ሰው ባንዴ ዝም ሲል ይከብዳል፤ ሞሁዋ ደረቷ ላይ ተሰማት። ቀና ስትል ራይሃን መምቻውን በብብቱ ይዞ ወደ መውጫው እየተራመደ ነው። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ተነስቶ ያጨበጭብለት ጀመር። ሰማንያ አንድ ነጥብ አግኝቷል። ያ መስኮት ሰባሪ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቀን ውሎ አያውቅም፤ ሞሁዋ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ተቀምጣ አንዷንም ኳስ አላየችም።

«አላየሽም አይደል?» አሉ አያቷ።

«አጎቴ አስምሎኝ ነው። እኔ ካየሁ ይቃጠላል ብዬ...»

«ታዲያ ተረፈ?»

«አልተረፈም» አለች ሞሁዋ።

«እኔ ዓይኔ ታሞ ነው ያላየሁት» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?»

ፊቷ ጋለ። ተናደደች፤ በአጎቷ ብቻ ሳይሆን በራሷም። ሦስት ሰዓት! ማንም አይመልስላትም። የቀረው አንድ መቺ ብቻ ነው፤ ቶፋዬል፣ ያ ረጅሙ ፈጣን ወርዋሪ፣ መምቻ ሲይዝ እንደ መጥረጊያ የሚይዘው። ቀኑ እስኪያልቅ የቀረችውም አሥራ አራት ኳስ ናት። ሞሁዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሜዳውን አየች።

ሜዳው እንዲህ አረንጓዴ መሆኑን ቴሌቪዥን አይናገርም። የሰዎቹ ጥላ ረዝሞ ከራሳቸው ሦስት እጥፍ ሆኗል። ኒውዚላንዶቹ ቶፋዬልን ከበው፣ አንዳንዶቹ እጃቸውን ቢዘረጉ ጫማውን የሚነኩት ያህል ተጠግተው፣ ጎንበስ ብለዋል። ወርዋሪው ደግሞ አይሮጥም። ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻ ይራመድና ኳሷን ከጣቶቹ መሀል ያሾልካታል። ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች፣ አየር ላይ የቆመች ትመስላለች፣ ትወርዳለች፤ መሬት ስትነካ ግን የራሷ ሐሳብ እንዳላት ሁሉ ትታጠፋለች። ሞሁዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ይህ ነገር እየሆነ እሷ ስንት ዘመን ኩሽና ውስጥ ቆማ ኖሯል!

አንዷን ኳስ ነገረቻቸው፣ ቀጥሎም ሁለተኛዋን። አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሟታል። ስድስት ኳስ ሲቀር ስልኳ ጮኸ። ቦርሃን ነው።

«መብራት ሄደብን!» አለ። «ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው። ቶፋዬል አለ?»

«አለ። ስድስት ኳስ ቀርቷል።»

«እሰይ! በይ አንቺ ዙሪና ስልኩን አጠገብሽ ላለው ሰው ስጪው፤ እሱ ይንገረን። እባክሽ የኔ እህት፣ ስድስት ኳስ እኮ ናት።»

ከኋላው የቤተሰቡ ድምፅ ይሰማል። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ስልኩን ቢቀበል ደስ ባለው ነበር፤ አንገቷንም ማዞር ቀላል ነው። ቶፋዬል ከተረፈ እሰየው፣ ካልተረፈም ማንም በእሷ አያላክክም።

«አልዞርም» አለች። «እኔ ነኝ የማየው። ከፈለጋችሁ እኔ እነግራችኋለሁ። ካልፈለጋችሁ ዝጉት።»

ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። የዘጋ ግን የለም።

«እየመጣ ነው» አለች ሞሁዋ። «ለቀቃት። ቶፋዬል ከለከላት፣ እግሩ ስር ወደቀች።» ሁለተኛዋንም ከለከለ። ሦስተኛዋ መምቻውን ለጥቂት ስታ ስታልፍ ስታዲየሙ አቃሰተ፤ ሞሁዋ ግን መናገሯን አላቆመችም። አራተኛዋ ከእጁ ስትወጣ ከሌሎቹ ቀስ ያለች መሆኗን አየች፤ ቶፋዬል አላየም። ቸኩሎ ወደፊት ተራመደ። ኳሷ ከፊቱ አረፈች፣ ታጥፋ በመምቻውና በእግሩ መሀል ሾልካ ገባችና ከኋላው ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች መሀለኛውን ነቀለችው።

ጭጭ።

ኒውዚላንዶቹ ሲተቃቀፉ፣ አንዱ አረንጓዴው ላይ ሲንከባለል ይታያል። አያቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እስኪነገራቸው እየጠበቁ ነው።

«ተቃጠለ» አለች። «ተሸነፍን።»

ሞሁዋ እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እያየሁት ነው የተቃጠለው። ኳሷ ቀስ ብላ መጣች፣ እሱ ቸኮለ። ስትታጠፍ ብታያት፣ አጎቴ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

ቦርሃን እንደ ልማዱ አልጮኸም።

«የት ጋ ነው ያረፈችው?» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ከእግሩ ውጪ ነው?»

«ቤት መጥቼ አሳይሃለሁ» አለችው። «ማክሰኞ የሚጀምረውን ሦስተኛውን ግጥሚያ ደግሞ እኔም ሳሎን ነው የማየው።»

እሺ አላለም፤ ስልኩን ግን አልዘጋም። ሞሁዋ አያቷን ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው፤ ደረጃውን እየወረዱም ሜዳው ላይ የቀረውን ሁሉ ለሁለቱም ትነግራቸው ጀመር።