የወለተ ሐዋርያት የደጅ አምፖል

እማማ ወለተ ሐዋርያት ቅዳሜ ማለዳ ሉማሜ ዳር ካለው ቤታቸው ደጃፍ፣ ከመብራቱ ሥር ሞተው ተገኙ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ድንጋዩ በሌሊቱ ዝናብ ርሷል፤ አጠገባቸው አምፖል ተሰብሯል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጠቁረዋል።

ኢንስፔክተር ጤናዬ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቢተው በካቴና ታስሮ ቆሟል። የደጁን መብራትና ሶኬት ከወር በፊት የዘረጋው እሱ ነው። መንደሩ ፈርዶበት ጨርሷል፤ የቀረው የእስሩን ዓመታት መቁጠር ብቻ ነበር።

ጤናዬ ወደ ቤት ዘለቀች። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ በርጩማ። የእሷም ቤት ከዚህ ስለማይሻል ቶሎ ወጣች።

«መብራቱ በማጥፊያው ጠፍቶ ነው የተገኘው» አለችው ቢተውን። «ታዲያ ምን ገደላቸው?»

«እኔም እሱን ነው የምለው! አምፖሉን ቀን ከቤት ስወጣ ሌባ ይወስድብኛል ብለው በየማለዳው ይፈቱታል፣ ሲመሽ ይመልሱታል። ‹መጀመሪያ ማጥፊያውን› ብዬ አስተምሬያቸዋለሁ። ማጥፊያውን ያስገባሁት ፌዙ ላይ፣ እሳቱን በሚያመጣው ሽቦ ላይ ነው። ሁለቱም ሽቦ ጥቁር ስለነበር በፌዙ ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ።»

«ሶኬት ደጅ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ሬዲዮ ይሰኩበታል፤ አላፊ አግዳሚው ቆም እንዲልላቸው።»



የእንጀራ ልጃቸው ገዳሙ ከደብረ ማርቆስ ገና መግባቱ ነው፤ የቤቱን ቁልፍ ግን ጠይቋል።

«ቤቱን እፈልገዋለሁ፣ አልክድም» አላት። «ከፋሲካ ወዲህ ግን ይህን ደጅ አልረገጥሁም።»

የሚሠራበት ወፍጮ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ እንዳልተለየ በስልክ አረጋገጠላት።

ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት አያ ምስጋናው፣ ገበያ ላይ የሶላር ፋኖስ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው።

«ከረቡዕ ወዲህ» አሉ፣ «ወለተ ሐዋርያት ካጠፋችውም በኋላ አምፖሉ ጭል ጭል ይል ነበር፤ እስኪነጋ ድረስ። በፊት ድርግም ነበር የሚለው።»

«እስኪነጋ ያዩታል?»

«ሌላ ምን አያለሁ?»

ጤናዬ የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተር አስመጥታ ማጥፊያውን ፈታች። ቀይ ክር የታሰረበት ሽቦ እሳት የለውም፤ ያልታሰረበት አለው። ከዚያ በውጭው ግድግዳ ላይ፣ መስመሩ ከቆጣሪው የሚገባበትን ሣጥን ከፈተች። ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠው በቀጭን የጎማ ቁራጭ ተጠምጥመዋል። መንገዱን ተሻግራ የአያ ምስጋናውን ፋኖሶች ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ተመለሰች። ቢተውን፣ ገዳሙንና አያ ምስጋናውን ደጃፉ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ቢተው በትክክል ሠርቷል፤ ክሩ ይመሰክራል» አለች። «ረቡዕ እማማ ከቤት በወጡበት አንድ ሰው ሽቦዎቹን ገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ማጥፊያው የሚያቋርጠው እሳቱን ሳይሆን መመለሻውን ሽቦ ነው፤ ስለዚህ አምፖሉ ጠፍቶም ጭል ጭል አለ፤ አምፖሉ የሚገባበትም ማቀፊያ እሳት እንደያዘ ቀረ። ሐሙስና ዓርብ መሬቱ ደረቅ ስለነበር ተርፈዋል፤ ዛሬ ማለዳ ግን በራሰው ድንጋይ ላይ ባዶ እግራቸውን ቆመው፣ እንደ ተማሩት አጥፍተው፣ አምነው ነኩት።»

«ማነው?» አለ ገዳሙ።

«ለመግደል ያሰበ ሰው አይደለም። መብራቱን ለማጥፋት የፈለገ ደግሞ ሽቦውን በጥሶ ይሄዳል። ገልብጦ የሚሄድ፣ ሽቦ ከተገለበጠ አይበራም ብሎ የሚያምን ነው። የሶላር ፋኖስ እንደዚያ ነው፤ የቆጣሪ መብራት ግን ተገልብጦም ይበራል። አያ ምስጋናው፣ ይህ የጎማ ቁራጭ ፋኖሶችዎ ላይ ሁሉ አለ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደገፉ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ሲመሽ እኔ ነበርሁ የማጫውታት» አሉ። «መብራቱ ሲገባ፣ ሬዲዮው ሲጮህ፣ ደጇ ሰው ሞላ። ቢበላሽ ትጠራኛለች ብዬ ነው። ማታ እንደ ወትሮው ቦግ ሲል፣ የሠራሁት ከንቱ ቀረ ብዬ አፍሬ ተውሁት። ይገድላል ብዬ መቼ አስቤ!»

«አትምጣ አሉዎት?»

«አላለችም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔን ምን ታደርገኛለች ብዬ ራሴ ቀረሁ።»

ጤናዬ ካቴናውን ከቢተው እጅ ፈታች። ወደ ሽማግሌው ግን ወዲያው አልሄደችም።

ገዳሙ አቀርቅሮ ነበር። «ስደውልላቸው» አለ፣ «ስለ እኔ አይጠይቁኝም ነበር። ‹ምስጋናው ማዶ ተቀምጦ አይመጣም፤ ምን አስቀይሜው ይሆን?› ነበር የሚሉኝ። ጠይቅልኝ ብለውኝ ነበር፤ ረሳሁት።»